የቴክኒካለር ፊልም ስታድሱ ቀለሙን አትምረጡ፣ ፈልጉት

ጥያቄው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ሦስቱን ስካን ደረብኳቸው፤ የወጣው ግን ካርቱን ይመስላል።» ወይም ደግሞ «ፊቷ ብርቱካን ሆነብኝ፤ እሱን ሳስተካክል ሰማዩ ተበላሸ።» አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ገና ሲጀምር ነው። ፋይሉን ይከፍትና ዓይኑን ደስ የሚለውን ቀለም መምረጥ ይጀምራል። ቀለሙ ግን ፊልሙ በተሠራበት ዘመን ተመርጦ አልቋል። እናንተን የሚጠብቃችሁ ፍለጋ ነው።

መመሪያው የሚያገለግለው ከ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ በቴክኒካለር ባለ ሦስት ኔጋቲቭ ካሜራ ለተቀረጹ ፊልሞች ነው። ያ ካሜራ ብርሃኑን በፕሪዝም ከፍሎ ሦስት ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ላይ ያሳርፋል። አንዱ ቀዩን፣ አንዱ አረንጓዴውን፣ አንዱ ሰማያዊውን ይመዘግባል። ቀለም የሚገባው ለሲኒማ ቤት የሚሄደው ኮፒ ሲታተም ነው። ያኔ ሲያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ) እና ቢጫ በየተራ፣ እንደ ማኅተም፣ አንድ ፊልም ላይ ይመታሉ። ይህችን ነገር አትርሱ፤ ኔጋቲቩ ውስጥ ቀለም የለም። ቀለሙ ያለው ኮፒው ላይ ነው።

1. እጃችሁ ላይ ያለውን ለዩ

ከአራቱ አንዱ ነው።

ሦስቱ ዋና ኔጋቲቮች ካሏችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከእነሱ የተባዙ ሦስት ጥቁርና ነጭ መጠባበቂያዎች ከሆኑም ጥሩ ነው፤ አንዴ ስለተባዙ ጥራታቸው ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ይሠራሉ። ሦስተኛው የቴክኒካለር የሲኒማ ኮፒ ነው። ቀለሙ ለአሥርት ዓመታት ሳይደበዝዝ ስለሚቆይ ለማመሳከሪያ ወርቅ ነው። ለስካን ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ ኮንትራስቱ ከፍተኛ ስለሆነ ጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር ጠፍቷል። አራተኛው ኋላ በኢስትማንከለር (በኮዳክ የቀለም ፊልም) የተባዛ ኮፒ ነው። ሲያኑ ስለሚሸሽ ወደ ሮዝ ሄዷል። ለቀለም በፍጹም አትመኑት።

ሦስተኛውን ከአራተኛው ለመለየት ከምስሉ ጎን ያለውን የድምፅ መስመር ነጭ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩ። በቴክኒካለር ኮፒ ላይ መስመሩ ግራጫና ጥቁር ነው። ምስሉም መስመሩም ወደ ሮዝ ካደላ ኢስትማን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የነበረው 35 ሚሊሜትር ፊልም ብዙ ጊዜ ናይትሬት፣ ማለትም በቀላሉ የሚቀጣጠል የፊልም ዓይነት ነው። አንዴ ከተያያዘ ኦክስጅኑን ከራሱ ስለሚያወጣ ውኃ ውስጥም ይነዳል። በ1978 ሮቸስተር በሚገኘው የጆርጅ ኢስትማን ሃውስ መጋዘን የተነሳው እሳት የብዙ ፊልሞችን ዋና ኔጋቲቭ የበላው በዚህ ምክንያት ነው። ጣሳውን ስትከፍቱ የሚቆጠቁጥ ሽታ ከመጣ፣ ፊልሙ ከተጣበቀ፣ ወይም ቡናማ ዱቄት ካያችሁ መልሳችሁ ዝጉት። ናይትሬት ወደሚይዝ የፊልም ቤተ መዝገብ ደውሉ። በፖስታ አትላኩት፣ ቤት አታሳድሩት። ናይትሬት መሆን አለመሆኑን በፊልሙ ዳር ያለውን ጽሑፍ ብቻ አይታችሁም አትወስኑ፤ ፊልም ሲባዛ የእናቱ ጽሑፍ አብሮ ሊገለበጥ ይችላል።

ስካን የሚያደርግላችሁን ቤት አራት ነገር ጠይቁ፦ 4ኬ፣ 16 ቢት፣ እያንዳንዱ ኔጋቲቭ ለብቻው፣ የጎኑ ቀዳዳዎች ጭምር እየታዩ። «አውቶ» የሚባል ነገር እንዳይነካ ደግሞ በጽሑፍ አስገቡ።

ኔጋቲቭ የሌላችሁ፣ መለማመድ ብቻ የምትፈልጉ፣ አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብታቸው ያለፈ የቴክኒካለር ፊልሞች አሉ፤ የ1937ቱ «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» እና የ1939ኙ «ዘ ሊትል ፕሪንሰስ» ለምሳሌ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ቅጂዎች ብዙዎቹ ከደበዘዘ ኮፒ የመጡ ናቸው። እጅ ለማፍታታት ይሆናሉ፣ ቀለም ለመማር ግን አይሆኑም።

2. ክፍሉንና ሞኒተሩን አዘጋጁ

ሞኒተሩን በመለኪያ መሣሪያ አስተካክሉ፦ ነጩ 6500 ኬልቪን፣ ድምቀቱ 100 ኒት፣ ጋማው 2.4። ከመጀመራችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አብሩት። ከኋላው ያለው ግድግዳ ግራጫ ይሁን። ቢጫ አምፖል አጥፉ፣ መጋረጃ ዝጉ። ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያሞቀውን የኮምፒውተር ቅንብር አጥፉት፤ ይህን ረስቶ ሌሊቱን ሙሉ የለፋ ሰው ጠዋት የሚያየው ሰማያዊ ፊልም ነው። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ዩፒኤስ ግዴታ ነው።

3. ማመሳከሪያ ሳይኖራችሁ አንድም ቀለም አትንኩ

እዚህ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የምትፈልጉት ፊልሙ መጀመሪያ ሲወጣ የታተመ የቴክኒካለር ኮፒ ነው። ከዓመታት በኋላ ፊልሙ እንደገና ለሲኒማ ሲወጣ የታተመው ሌላ ነገር ነው። ቀለሙ ጨምሮ፣ ንፅፅሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኮፒው የየትኛው ዓመት እንደሆነ ሳታረጋግጡ «ዋናው ይኸው» አትበሉ። ሙሉ ኮፒ ካልተገኘ አንድ ሪል (አንድ ጥቅል ፊልም) እንኳ ይበቃል። ከየትዕይንቱ ጥቂት ፍሬም የያዘ ቁራጭ እንኳ ካለ ከምንም ይሻላል።

ኮፒውን እንዲህ አመሳክሩ፦

ሀ. ከ5000 እስከ 5500 ኬልቪን የሚሰጥ የብርሃን ሰሌዳ ላይ አስቀምጡት። በዘመኑ ኮፒው የሚታየው በካርበን አርክ መብራት ነበር። የኋላው ዜኖን መብራት ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ለ. ሰሌዳው ከሞኒተራችሁ ይልቅ ሞቅ ያለ መሆኑን አትርሱ። ጎን ለጎን አይታችሁ ፊልሙን ቢጫ እንዳታደርጉት። ለማመሳከሪያ ብቻ የሞኒተሩን ነጭ ከሰሌዳው ጋር አስማሙ፤ ስትጨርሱ ወደ 6500 መልሱት።

ሐ. ከየትዕይንቱ አንድ ፍሬም ምረጡና ቁጥሩን ጻፉ። ሁሌም ከዚያው ፍሬም ጋር አስተያዩ።

መ. በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ፎቶውን ማመሳከሪያ አታድርጉ። ስልኩ ነጩን በራሱ ጊዜ ይቀይራል። ከዚያ ወዲያ የምታመሳክሩት ከስልኩ ፋብሪካ ጣዕም ጋር ነው።

የማይሆኑ ማመሳከሪያዎችም አሉ። የድሮ ፖስተርና የሲኒማ ቤት መግቢያ ፎቶ፣ ብዙ ጊዜ ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ተነስቶ በማተሚያ ቤት ቀለም የተቀባ ነው። የቪዲዮ ካሴት ቅጂ አይሆንም። የልጅነት ትዝታም አይሆንም።

ሰው የሚከራከረኝ ግን ስለ ዕቃው ነው። «ልብሱ ሙዚየም ውስጥ ካለ እሱን ለምን አላየውም?» እዩት፣ ግን አትመኑት። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ጎራ በሉና የ«ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ»ን ቀይ ጫማ ተመልከቱ። ጠቆር ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀይ ነው። ዕድሜም አደብዝዞታል። ጫማው ጠቆር ብሎ የተሠራው ስክሪን ላይ ደማቅ ቀይ እንዲወጣ ነው፤ ደማቅ ቀይ ቢሆን ኖሮ ወደ ብርቱካን ይሄድ ነበር። ፊልሙን ከሙዚየሙ ጫማ ጋር ካስማማችሁት በ1939 ማንም ያላየውን ጫማ ሠራችሁ ማለት ነው።

4. የትኛው ኔጋቲቭ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ

ጣሳው ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ሦስቱንም ወደ ፖዘቲቭ ገልብጡና ይህን እዩ፦

ቀይ ከንፈር በቀዩ ምስል ላይ ነጣ ይላል፤ በአረንጓዴውና በሰማያዊው ይጠቁራል። ጥርት ያለ ሰማይ በሰማያዊው ይነጣል፣ በቀዩ ይጠቁራል። ሣርና ቅጠል ከሦስቱ ይልቅ በአረንጓዴው ፈካ ይላል።

ከዚያ ቀዩን ቀይ ቻነል (የዲጂታሉ ምስል የቀይ ክፍል)፣ አረንጓዴውን አረንጓዴ፣ ሰማያዊውን ሰማያዊ ውስጥ አስገቡ። ሰዎቹ አረንጓዴ፣ ሣሩ ቀይ ከሆነ ሁለቱን አቀያይራችኋል። አትደንግጡ፣ መልሱት።

5. ሦስቱን በትክክል ደርቡ

ቀለም ማስተካከል የሚቀድመው ሰው በዚህ ደረጃ ይቀጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሦስቱ ምስሎች ካልገጠሙ የምታዩት ቀለም እውነተኛ አይደለም፤ በዳሩ ላይ የተፈጠረው ሐሰተኛ ቀለም ዓይናችሁን ያታልላል።

መሠረታችሁ አረንጓዴው ይሁን። ካሜራው ውስጥ አረንጓዴው ለብቻው ነው የተቀረጸው። ቀዩና ሰማያዊው ግን ተደራርበው ነበር፤ ወደ ቀዩ የሚደርሰው ብርሃን መጀመሪያ በሰማያዊው ፊልም ውስጥ ያልፋል። ቀዩ ሁሌም ለስለስ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። እንደ አረንጓዴው እንዲሳል ሻርፕነስ አትጨምሩበት፤ ፊት ላይ የአሸዋ ወረቀት ያስመስላል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ቦታ፣ ቀጥሎ መጠን፣ ቀጥሎ መጠምዘዝ፣ በመጨረሻ አካባቢያዊ ማጠፍ። ሦስቱ ኔጋቲቮች ባለፉት አሥርት ዓመታት እኩል አልሸመቀቁም። አንዱ ከሌላው ስለሚያንስ ማንሸራተት ብቻውን አይበቃም።

ፍሬሙን 400 በመቶ አጉሉና ጥቁር ነገር ከነጭ ጋር የሚገናኝበትን ዳር ፈልጉ። ቅንድብ፣ የመስኮት ክፈፍ፣ የኮት ክሳድ ጥሩ ናቸው። በአንዱ ጎን ቀይ፣ በሌላው ጎን ሲያን ክር ካያችሁ የቀዩ ምስል ወደ ጎን ፈቀቅ ብሏል። በአንድ ፒክስል ግፉና እንደገና እዩ። ክሩ ከሁለቱም ጎን ሲጠፋ ቅንድቡ ድንገት ፀጉር ይሆናል፤ ከዚያ በፊት የቀለም ቅብ ነበር።

መሐሉ ብቻ ስለገጠመ አትለፉ። አራቱንም ማዕዘን እዩ።

ካልሆነላችሁ፦

መሐሉ ገጥሞ ማዕዘኑ ካልገጠመ የመሸማቀቅ ልዩነት ነው፤ መጠኑን አስተካክሉ። ክሩ ከፍሬም ፍሬም ቦታ ከቀያየረ ቀዳዳዎቹ ተበልተዋል ወይም ፊልሙ ተወላግዷል፤ ያንን ሾት ፍሬም በፍሬም አረጋጉት። ክሩ የሚታየው በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ግድግዳው ደህና ሆኖ የሚሮጠው ሰው ብቻ ቀለም ከጎተተ፣ ፒክስል አትግፉ። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ፍሬም ጎድሏል። አንድ ቀን ተቀድዶ የተቀጠለ ቦታ ይኖራል። ቅጥሉን ፈልጉ፣ በጎደለው ፍሬም ቦታ ባዶ አስገቡ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ቦታው ይገባል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ የምትጨፍር ሴት ቀሚስ ሳጥፍ ውያለሁ።

6. ቆሻሻውንና መርገብገቡን በየኔጋቲቩ አጽዱ

ከደረባችሁ በኋላ የሚታየው ባለቀለም ነጠብጣብ ከየት እንደመጣ ቀለሙ ይነግራችኋል። ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነጥብ ከሆነ በዚያው ኔጋቲቭ ላይ ብርሃን የጋረደ አቧራ አለ። ሲያን ከሆነ የቀዩ፣ ማጀንታ ከሆነ የአረንጓዴው፣ ቢጫ ከሆነ የሰማያዊው ኔጋቲቭ ተፍቋል። ሄዳችሁ እዚያው ላይ አስተካክሉ። የተደረበው ላይ ብትሠሩ ደህና የሆኑትን ሁለቱንም ታበላሻላችሁ።

ሻጋታ ይከፋል። በ2009 የታደሰው «ዘ ሬድ ሹዝ» ኔጋቲቮቹ በሻጋታ ተጎድተው ነበር። አንዱ ኔጋቲቭ ላይ የጠፋ ዝርዝር ካለ መጀመሪያ ከጎረቤት ፍሬም ተበደሩ። ካልሆነ ብቻ ከሌላው ኔጋቲቭ። ግን ለከንፈር፣ ለሣርና ለሰማይ ከሌላ ኔጋቲቭ አትበደሩ፤ ደረጃ 4 ላይ እንዳያችሁት እዚያ ሦስቱ አይመሳሰሉም።

መርገብገብም እንዲሁ ነው። አንዱ ቻነል ብቻ ብልጭ ድርግም ሲል ፊልሙ ሁሉ ቀለም የሚተነፍስ ይመስላል። ለየብቻ አረጋጉ፣ ከዚያ ደርቡ።

7. ጥቁሩን፣ ንፅፅሩንና ነጩን አስቀምጡ

መጀመሪያ ጥቁር። ሦስቱን ቻነል ለየብቻ የሚያሳየውን ግራፍ ክፈቱ። ጥልቅ ጥላ ያለባቸው ሦስት አራት ሾቶች ላይ የቻነሎቹን እግር አስተካክሉ። በአንድ ጥቁር ኮት ብቻ አትፍረዱ፤ ኮቱ ጥቁር ሰማያዊ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ንፅፅር። ጥላው አረንጓዴ ሆኖ ብርሃኑ ሮዝ ከሆነ የሦስቱ ኮንትራስት እኩል አይደለም። ላይኛውን ወይም ታችኛውን መጎተት አያድነውም፤ የመሐሉን ጋማ በየቻነሉ አስተካክሉ።

ነጭ ላይ ስትደርሱ ተጠንቀቁ። የሶፍትዌሩን የነጭ መልቀሚያ ነጭ ሸሚዝ ላይ አትጫኑ!

መጀመሪያ አካባቢ አንድ የግብዣ ትዕይንት ይዤ ነበር። የወንዶቹ ክሳድ ቢጫ ይመስላል። «ይኼማ ግልጽ ነው» ብዬ መልቀሚያውን ክሳዱ ላይ ተጫንኩ። ክሳዱ እንደ በረዶ ነጣ። ሰዎቹ ሁሉ ደግሞ ወባ የያዛቸው መሰሉ፤ ፊታቸው ላይ ደም የለም። አንድ ሳምንት ሙሉ ፊታቸውን ለማዳን ታገልኩ። በመጨረሻ ኮፒውን ሰሌዳው ላይ ሳስቀምጥ ክሳዱ እዚያም ቢጫ ነው። ለካ ንጹሕ ነጭ በቴክኒካለር ካሜራ ፊት ስለሚያንጸባርቅ ሆን ተብሎ ይደበዘዝ ነበር፤ ሻይ ውስጥ ይነከራል ወይም ወደ ግራጫ ይቀለማል። ስለዚህ ሸሚዝ፣ የጠረጴዛ ጨርቅና የሙሽራ ቀሚስ ነጭ ናቸው ብላችሁ አትገምቱ።

8. የቀለሙን ባሕርይ መልሱ

እዚህ ድረስ በትክክል ከመጣችሁ ምስሉ ንጹሕ ነው። ከልክ በላይ ንጹሕ። ሣሩ ፕላስቲክ ይመስላል። ምክንያቱም ኮፒው ላይ የነበሩት ሦስት ቀለሞች ፍጹም አልነበሩም። ሲያኑ ቀዩን ብርሃን ብቻ መዋጥ ሲገባው ትንሽ አረንጓዴና ሰማያዊም ይውጣል፤ ማጀንታው ትንሽ ሰማያዊ ይውጣል። ሞኒተራችሁ ይህን አያውቅም።

የቻነል መቀላቀያውን ክፈቱ። ቅጠል፣ ሰማይ፣ ከንፈርና ቆዳ የያዙ አራት ፍሬሞች ከኮፒው ምረጡ። በትንሽ በትንሹ አንዱን ቻነል ወደ ሌላው እያስገባችሁ አራቱም አንድ ላይ እስኪጠጉ ድረስ ሞክሩ። አንዱ ገጥሞ ሦስቱ ከራቁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሲገጥም ቅንብሩን ለመላው ፊልም አንድ አድርጉት፤ በየሾቱ አትቀያይሩት።

ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠውን «የቴክኒካለር ሉት» (ቀለሙን በአንድ ጊዜ የሚቀይር ዝግጁ ቅንብር) አትጠቀሙ። እሱ የተሠራው የዛሬን ቪዲዮ የድሮ ለማስመሰል ነው።

ሳቹሬሽን ላይም እጃችሁን ያዙ። ቴክኒካለር ማለት የሚጮህ ቀለም ነው የሚለው ወሬ ብዙ ሥራ አበላሽቷል። እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከቀለሞቹ ሥር ቀጠን ያለ ግራጫ ምስል አብሮ ይታተም ነበር። ጥቁሩን ያጠልቃል፣ ቀለሙን ያረግባል። የ1930ዎቹ ፊልም ይዛችሁ «ትንሽ ፈዘዘ» ካላችሁ ምናልባት ልክ ናችሁ፤ ተዉት።

9. ቆዳ

ፊት «ተፈጥሯዊ» እንዲመስል አትታገሉ። ተዋንያኑ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለቴክኒካለር ተብሎ የተሠራውን የማክስ ፋክተር ፓንኬክ ይቀቡ ነበር። ፊቱ ወጥና ወደ ኮክ የሚያደላ ከሆነ ሜካፑ ነው። አንገትና እጅ ከፊት ከተለዩም ሜካፑ ነው፣ የእናንተ ጥፋት አይደለም። አታስማሟቸው።

10. ሆን ተብሎ የተሠራውን አትንኩ

የ1952ቱ «ሙላን ሩዥ» ጭጋጋማና የረገበ ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ሂውስተንና ካሜራ ባለሙያው ኦዝዋልድ ሞሪስ በጭስና በፊልተር ሆን ብለው ያደረጉት ነው፤ የቱሉዝ ሎትሬክን ሥዕል እንዲመስል። ያንን «ያጠራ» ሰው ፊልሙን አጠፋው። ከመጀመራችሁ በፊት የፊልሙ ሰዎች ስለ ቀለሙ ምን እንዳሉ አንብቡ።

አንዱ ትዕይንት በሌላው ውስጥ ሲሟሟ ቀለሙ ድንገት ቢዘል አትደንግጡ። እነዚያ ቦታዎች የተሠሩት ከተባዛ ፊልም ነው፤ ዝላዩ በመጀመሪያው ኮፒም ላይ ይታይ ነበር። እኔ ለስለስ አደርገዋለሁ፣ ጨርሼ ግን አላጠፋውም። ሌላው ባለሙያ እንዳለ ይተወዋል። ሁለቱም ያስኬዳል፤ መመዝገብ ግን አለበት።

ግሬይን (የፊልሙን ጥቃቅን ቅንጣት) አታጥፉ። ሰው ወይም ዕቃ ያንጠለጠለ ሽቦ ወይም ክር ቢታያችሁ ደግሞ ኮፒው ላይ ይታይ እንደሆነ ፈትሹ። ቀለሙ ሲታተም ትንሽ ስለሚሰራጭ ኮፒው ከኔጋቲቩ ይለሰልሳል፤ የዛሬ ስካን ተመልካቹ ፈጽሞ ያላየውን ያሳያል። ኮፒው ላይ ካልታየ ቢጠፋ ቅር አይለኝም።

11. በማግስቱ እዩት፣ መዝግቡት

ዓይን ቶሎ ይለምዳል። ማታ የጨረሳችሁትን ማታ አታስረክቡ። ጠዋት፣ ቡና ከጠጣችሁ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ሪል አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ከመጨረሻው አምስት ደቂቃ እዩ። ሁለቱ የተለያየ ፊልም ከመሰሉ በመሐል ዓይናችሁ ሄዷል። ወደ ማመሳከሪያ ፍሬሞቹ ተመለሱ።

መዝገቡን በየሾቱ ያዙ። «ሪል 3፣ ሾት 41፦ ሻሉ ወደ ወይን ጠጅ ወርዷል። ማመሳከሪያ፦ የመጀመሪያ ኮፒ፣ ያው ፍሬም።» ማመሳከሪያ ሳይኖራችሁ የወሰናችሁትን ደግሞ እንዲህ ጻፉ፦ «ሾት 57፦ በግምት፣ ከሾት 52 ጋር እንዲሄድ።» ይህን ሁለተኛውን ዓይነት አትደብቁ። ነገ የጠፋው ሪል የሆነ ምድር ቤት ውስጥ ሲገኝ የሚያድሰው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ያልተነካውን ስካን በሁለት ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጡለት።